ባሕር ሰማያዊ ነው ያላችሁ ማነው?

እናንተዬ፣ የባሕር ሥዕል በዘይት ቀለም መሣል ያማራችሁ ካላችሁ፣ ሸራና ብሩሽ ከመግዛታችሁ በፊት ሄዳችሁ ባሕሩን እዩት! እኔ ከምኖርባት በርሊን በባቡር አራት ሰዓት ያህል ተጉዤ ሩገን የምትባል ደሴት ሄድኩላችሁ። በሰሜን ጀርመን፣ ባልቲክ ባሕር ላይ ናት። ከዛስኒትስ ከተማ ተነስታችሁ በደኑ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት በእግር ስትሄዱ ድንገት መሬቱ ያልቅና ነጭ ገደል ይገጥማችኋል። ጠመኔ ነው! ትልቁ «የንጉሥ ወንበር» ይባላል፤ ቁመቱ 118 ሜትር ነው። አፋፉ ላይ ግን እንዳትቆሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በዚሁ ዳርቻ ዝነኞቹ የቪሶወር ሹል ገደሎች ተንደው ባሕር ገብተዋል።

ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪኽ የተባለው ሠዓሊ በ1818 አዲሷን ሙሽራውን ይዞ እዚህ መጥቶ ነበር። ዕድሜው 43፤ እኛ ሰፈር ቢሆን «ቆሞ ቀር» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር! የሩገንን ገደል የሣለበት ሥዕል ዛሬ ስዊዘርላንድ፣ ቪንተርቱር ውስጥ ይገኛል። ታዲያ ሮማንቲክ ሠዓሊ ሲባል ሻማና አበባ እንዳይመስላችሁ። የእነሱ ነገር ግዙፍ ተፈጥሮ ፊት የቆመ ትንሽ ሰው ነው። ሰውዬው ደግሞ ገደሉ ላይ ሸራ ዘርግቶ አልሣለም፤ በእርሳስ ነድፎ ይመለስና ድሬስደን ባለው ባዶ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚቀባው። አስተማሪዬም ያስያዘችኝ እርሳስና ደብተር ብቻ ነበር።

ቤት ስትመለሱ ቡናማ ቀለም በአኳራጅ አቅጥናችሁ ብርሃንና ጥላውን ብቻ አስቀምጡ (መስኮት ክፈቱ፣ ራስ ያዞራል)። ከዚያ በላይ የሚመጣው እያንዳንዱ ንብርብር ከሥሩ ካለው የበለጠ የተልባ ዘይት ይኑረው። አዎ፣ ያቺው የምናውቃት ተልባ! ዘይት የበዛበት ቀለም ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ ቶሎ የሚደርቀውን ከላይ ካደረጋችሁት ቆይቶ ይሰነጠቃል። ባሕሩን ደግሞ ሰማዩ ሳያልቅ አትንኩት፣ ቀለሙን የሚበደረው ከዚያ ነውና። በሄድኩበት ቀን ገደሉ ሥር ያለው ውሃ ጠመኔው እየገባበት ወተት የጠብ አለበት አረንጓዴ መስሏል፤ ራቅ ሲል ግራጫ፤ አድማሱ ላይ ወይን ጠጅ ልበለው? ከቱቦ የሚወጣውን ሰማያዊ ብፈልግ አጣሁት።

አብራኝ የሄደችው እጮኛዬ ናት። በሳምንቱ ለሥራ ወደ ካናዳ ልትበር ትኬት ቆርጣለች። ግንድ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ስትልጥ ንድፉ ውስጥ አስገባኋት። አስተማሪዬ አየችና «ሰዉ ይቆያል ወይስ ይውጣ? ሰማዩን ሳትጨርስ ወስን» አለችኝ። ቀላል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ! ፍሪድሪኽ በርሊን «አልተ ናሽናልጋለሪ» ባለው «መነኩሴው በባሕር ዳር» ሥዕሉ ላይ መርከቦች ነድፎ ኋላ አጥፍቷቸዋል፤ በኢንፍራሬድ ምርመራ ነው የታወቀው። ሄጄ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ዓይን የሚያርፍበት አንድ ሸራ እንኳ የለም፤ የዚያ ትንሽ መነኩሴ ብቸኝነት አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ድንቅ ሥዕል ነው፣ እኔ ግን ግድግዳዬ ላይ አልሰቅለውም።

እሷን አላወጣኋትም። ጀርባዋን ብቻ፣ ጥፍር በምታህል ቀይ ቀለም አስቀመጥኳት። ይኸው ሄዳለች፤ ሸራው ግድግዳ ተደግፎ ይደርቃል፤ ቫርኒሽ ለመቀባት ገና ስድስት ወር ያህል ይቀረዋል። ትናንት ደውላ «አለቀ?» ብትለኝ፣

«ገና እርጥብ ነሽ» አልኳት።