በረዶ የሌላት አገር ሰንደቅ በበረዶ ላይ

ከአዳማ ተነሥቶ፥ አዋሽን ተሻግሮ፥ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አርሲ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ፥ በአንድ ቀን ጉዞ የኃይሌ ገብረ ሥላሴን አሰላ፥ የደራርቱ ቱሉንና የቀነኒሳ በቀለንም በቆጂ ያያል። እንግዲህ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚኖር ሰው ስለ እሽቅድምድም ሲናገር ሚዛኑ ወርቅ ብቻ ቢሆን አያስደንቅም፤ ከጐረቤቱ ያየው ወርቅ ነውና። በዚህ ሚዛን የሮቤል ተክለ ማርያም ነገር ከቶ አይመዘንም።

በአዳማ በረዶ ሲባል የሚታወቀው በክረምት ከዝናም ጋር ወርዶ፥ ቆርቆሮውን ደብድቦ፥ የገበሬውንም ጤፍ መትቶ ወዲያው የሚቀልጠው ነው። በሰሜን አገሮች ግን በረዶ እንደ ተነደፈ ጥጥ ቀስ ብሎ ይወርዳል፥ ምድርንም ለወራት ሸፍኖ ይቀመጣል። በእርሱም ላይ ሰዎች ረጃጅም ቀጫጭን ሰሌዳዎች ከጫማቸው ጋር አስረው ይንሸራተታሉ፤ ስሙም ስኪ ይባላል። ከስኪ ውድድሮች ሁሉ የሚያስፈራው ዝላዩ ነው። ዘላዩ ከረጅም ማማ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ቁልቁል ወርዶ፥ ከአፋፉ ሲደርስ ወደ አየር ይወረወራል፤ በነፋስም ላይ ተኝቶ ይሄዳል። የሚፈረድለትም በርቀቱ ብቻ አይደለም፤ አምስት ዳኞች የአበራረሩንና የአወራረዱን ማማር አይተው ነጥብ ይሰጣሉ፥ ከአምስቱም ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይጣላል። ይህ ዘዴ አድልዎን ይቀንሳልና፥ ለሌላም ጉዳይ ቢበደሩት አይከፋም። የዓለም ዋንጫው ከኅዳር እስከ መጋቢት በየአገሩ እየዞረ ይደረጋል፤ በጀርመንና በኦስትሪያ አራት ኮረብቶች የሚሆነው ስመ ጥሩ ውድድርም የሚፈጸመው እኛ የልደትን ዋዜማ ስንይዝ ነው።

ሮቤል ዘላይ አልነበረም፤ ድርሻው ሜዳና ኮረብታ በስኪ የሚያቋርጡበት የ15 ኪሎ ሜትር እሽቅድምድም ነው። በአዲስ አበባ ተወልዶ፥ ገና ልጅ ሳለ ወደ አሜሪካ ሄዶ፥ የክረምት ኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ በተደረገባት በሌክ ፕላሲድ ስኪን ተማረ። በኋላም ወደ ትውልድ አገሩ ሲመለስ በረዶ የለምና፥ ጎማ ያለውን ስኪ አድርጎ በአስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። መንገደኛው «ይህን ሰው ምን ነካው» ቢል አይፈረድበትም።

የካቲት 3 ቀን 1998 ዓመተ ምሕረት በኢጣልያ በቶሪኖ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ ታየ፤ ተሸካሚውም ተወዳዳሪውም እርሱ ብቻ ነበረ። በሳምንቱ፥ ዘላዮቹ በሚወዳደሩበት በፕራጄላቶ መንደር፥ ተራው ደርሶ ተነሣ። በዚህ ውድድር ሰው በየ30 ሴኮንዱ ለብቻው ስለሚለቀቅ፥ የሚታገለው ከሰዓት ጋር ነው። የኤስቶኒያው አንድሩስ ቬርፓሉ አሸነፈ፤ ከሮቤል በኋላ የቀሩት ግን ጥቂቶች ነበሩ። በ2002 ወደ ቫንኩቨር ጨዋታ ዳግመኛ ሄደ፥ ውጤቱም አልተሻለም።

በ1980 በካልጋሪ ማይክል ኤድዋርድስ የተባለ እንግሊዛዊ በዝላይ በሁለቱም ውድድሮች መጨረሻ ወጣ። ሕዝቡ «ንስሩ ኤዲ» እያለ ወደደው፤ የኦሊምፒክ ሹማምንት ግን እንዲህ ያለ ሰው በቀላሉ እንዳይገባ ደንቡን አጠበቁ። ሮቤልንም ከእርሱ ጋር አንድ አድርጎ ሊሥቅበት የሚወድ አይጠፋም። ይህ ግን ሚዛን አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ አንድ ሜዳልያ እንኳ ሳታገኝ ተመልሳለች፤ ያን ጊዜ የሄዱትን ሰዎች ዛሬ በአሰላም በበቆጂም የሚነቅፍ የለም።

ልዩነቱ ሌላ ነው። ከሜልቦርን በኋላ አራት ዓመት ሳይሞላ፥ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፥ አበበ ቢቂላ በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቁን አገኘ። ከሮቤል በኋላ ግን፥ በ2006፥ በ2010ና በ2014 በተደረጉት የክረምት ጨዋታዎች፥ ሰንደቁን ይዞ የገባ ኢትዮጵያዊ አልነበረም።