ስለ ትንሿ ባትሪ

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጤና ጥበቃ የሚጻፈውን እያነበብን ብዙ ተጠቅመናል። ዛሬ ደግሞ እኛ በተራችን በቤታችን የደረሰብንን አንድ ነገር ልንጽፍ ወደድን። ነገሩ የመኪና ባትሪ ነገር ስለ ሆነ፥ ይህ ለመካኒክ እንጂ ለቤተ ሰብ ምን ይረባዋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን በዚያች ባትሪ ምክንያት እናታችንን ለማጣት ጥቂት ቀርቶን ነበር፤ ልጃችንንም ያለ ጥፋቱ በድለናል። ስለዚህ ከቤተ ሰብ ገጽ በቀር ሌላ ስፍራ የሚገባው አልመሰለንም።

ያለችን መኪና በአውሮጳ አቆጣጠር በ2010 የተሠራች ቶዮታ ፕሪየስ ናት፤ ይኸውም በቤንዚንም በኤሌክትሪክም ከሚሄዱት፥ ሃይብሪድ ከሚባሉት ወገን ናት ማለት ነው። ከባለቤታችን ወንድም ከገዛናት ጀምሮ ያለ ነቀፋ አገለገለችን፤ ቤንዚን አታበዛም፤ ድምፅም የላትም። ዘይቷን በጊዜው እናስለውጣለን፤ ጎማዋንም እናስነፋለን። በሆዷ ውስጥ ሁለት ባትሪ መኖሩን ግን አናውቅም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ፍርድ ቤቱ ለዕረፍት በተዘጋ ጊዜ፥ እኛም ከመዝገብና ከቀለም ጥቂት እንረፍ ብለን፥ ነሐሴ 1 ቀን ባለቤታችንንና ትንንሾቹን ልጆች ይዘን ወደ ትውልድ አገራችን ወደ ጎጃም ሄድን። መኪናዋ ሆዷ ለመሬት የቀረበ ስለ ሆነ የክረምቱን ጭቃ አትችለውም ብለን፥ በግቢያችን ሸራ አልብሰን ተውናት፤ ራሳችንም በአውቶቡስ ተጓዝን። የ15 ዓመቱ የበኵር ልጃችን ግን የክረምት ትምህርት ስለ ነበረው ከእናታችን ጋራ አዲስ አበባ ቀረ።

መስከረም 30 ቀን ወደ ማታ ተመልሰን ገባን። በዚያው ሌሊት፥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን፥ አስም የቆየባቸው እናታችን ትንፋሽ አጠራቸው። ቁልፉን ይዘን ወደ መኪናዋ ሮጥን፤ ሸራውን ገፈን እጀታውን ብንነካው በሩ አልከፈት አለ። ይህች መኪና ቁልፏ በኪስ ሳለ እጀታዋ ሲነካ ራሷ የምትከፍት ናት፤ ያን ሌሊት ግን መብራትም ድምፅም አልነበራትም። በቁልፉ ሆድ ውስጥ በሩን በእጅ የሚከፍት የብረት ቁልፍ ተሸሽጎ መኖሩን ያን ጊዜ አናውቅም ነበርና፥ እናታችን በደጃፉ በወንበር ተቀምጠው ሲያቃስቱ እኛ እንደ ሌባ መስኮት ስንደበድብ ቆየን። በመጨረሻ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ጩኸታችንን ሰምተው አሮጌ ቮልስዋገናቸውን ይዘው መጡ። ሞተሪኖው ሦስት ጊዜ አጉረምርሞ ተነሣ። ሐኪም ቤት እንደ ደረስን ኦክሲጅን ሰጧቸው፤ ሲነጋም ትንፋሻቸው ተመለሰ። ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው።

ከዚህ ቀጥሎ ያደረግነውን ስንጽፍ እናፍራለን። ከሐኪም ቤት እንደ ተመለስን የበኵር ልጃችንን ጠርተን፥ በመኪናዋ ውስጥ ተቀምጠህ ሬዲዮ ስታሰማ ከርመህ ባትሪውን የገደልኸው አንተ ነህ አልነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ያህል እንዲህ ሲያደርግ አግኝተነው ነበርና። «አባባ፥ እኔ አልነካኋትም» አለ። እኛም ዝም በል አልነው፤ አያትህን ልትገድል ነበር የሚል ክፉ ቃልም ጨመርንበት። እርሱም ዝም አለ፤ ዝምታውም ከአንድ ሳምንት በላይ ሆነ። በማዕድ ይቀርባል፤ ቡራኬ ይቀበላል፤ ቃል ግን አይወጣውም። ዘበኛችን በነዚያ ቀኖች ሁሉ በግቢው የነበረ ሰው ነው፤ ብንጠይቀው ኖሮ ከነሐሴ ጀምሮ ሸራውን ማንም እንዳልገለጠው ይነግረን ነበር። አልጠየቅነውም። ሃያ ዓመት ሙሉ የምስክር ቃል ስንጽፍ የኖርን ሰዎች በገዛ ቤታችን ያለ ምስክር ፈረድን።

ከዚህ በኋላ አንድ መካኒክ አስጠራን። እርሱም የተሸሸገውን ቁልፍ አውጥቶ በሩን ከፈተ፤ ማስነሻውን ቢጫነው ደካማ መብራቶች ብልጭ ብልጭ ብለው ብዙ የማስጠንቀቂያ ምልክት አሳዩ። ወዲያው ትልቁ ባትሪ ሞቷል፥ ይለወጥ አለ፤ የጠራውም ዋጋ የእኛን የብዙ ወር ደመወዝ የሚፈጅ ነበር። ባለቤታችን ምንም ሳትናገር የአንገት ወርቋን ከሣጥን አውጥታ በጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ወርቁ ከመሸጡ በፊት ያ ባለ ቮልስዋገን ጎረቤታችን እናታችንን ሊጠይቁ መጡ። እኒህ ሰው ዕድሜያቸውን በስልክ ሥራ ያሳለፉ፥ የስልክ ማዞሪያውን የሚመግቡትን የእርሳስ ባትሪዎች ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «ልጄ፥ በእናንተ ችሎት ያለ ማስረጃ ይፈረዳልን?» አሉና ሄደው ከመዳፍ የማይበልጥ ቴስተር ይዘው ተመለሱ። ልጃችንንም «ና፥ አንተ ያዝልኝ» አሉት።

ኮፈኑን ከፍተው፥ በፊውዝ ሣጥን ውስጥ ቀይ ክዳን ያለበትን ስፍራ ገልጠው፥ አንዱን ሽቦ በዚያ ሁለተኛውን በመኪናዋ ብረት ላይ ቢያኖሩ፥ ቴስተሩ ከ7 ቮልት ጥቂት ከፍ ያለ ቁጥር አሳየ። «ይህ የትንሿ ነው፤ ትልቁን ማንም አልጠየቀውም» አሉን።

ለካ በዚህች መኪና ትልቁ ባትሪ ከኋላው መቀመጫ በስተጀርባ ነው፤ በ28 ክፍል የተደረደረ፥ 201.6 ቮልት የሚሰጥ፥ መኪናዋን የሚነዳት እርሱ ነው። ትንሿ ደግሞ ከኋላ በዕቃ መጫኛው በስተቀኝ ማዕዘን በክዳን ሥር ትገኛለች፤ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ናት። በሌላ መኪና እንዲህ ያለችው ባትሪ ሞተሪኖውን አዙራ ሞተሩን ታስነሣለች፤ በዚህች ግን ሞተሩን የሚያስነሣው የትልቁ ኃይል ነው። የትንሿ ሥራ ኮምፒዩተሮቹን መቀስቀስና ትልቁን ባትሪ ከመኪናዋ ጋራ ማገናኘት ብቻ ነው። ትልቁ ጌታ ነው ብንል ትንሿ አጋፋሪ ናት፤ አጋፋሪው የተኛ እንደ ሆነ ጌታው በእልፍኙ ነቅቶ ቢቀመጥም ደጁ አይከፈትም። ሞተሪኖ ስለሌለም፥ በአሮጌ መኪና ጠዋት ጠዋት እንደምንሰማው ያለ የድካም ማጉረምረም የለም፤ ትንሿ ባትሪ ስትደክም ሳትናገር ትደክማለች፤ አንድ ቀን ደግሞ ጨርሳ ትቀራለች።

ዲናሞም የላትም። ትንሿን የሚመግባት የትልቁን ኃይል ወደ 14 ቮልት ገደማ ዝቅ አድርጎ የሚሰጥ፥ በኮፈኑ ሥር ያለ መለወጫ ነው። ይህም የሚሠራው ማስነሻው ፍሬን ተረግጦ ተጭኖ «ሬዲ» የሚለው ቃል ሲበራ ነው። ፍሬን ሳይረገጥ መብራትና ሬዲዮ ብቻ የተከፈተ እንደ ሆነ ትንሿ ትሰጣለች እንጂ አትቀበልም። መኪናዋም በቆመች ጊዜ ጌታው ጠግቦ አጋፋሪው ጾሙን ያድራል።

ሽማግሌው ባትሪዋን ሌሊቱን ሙሉ በትንሽ ቻርጀር አስሞሏት፤ ከሞላች በኋላ 12.7 አሳየች። ሳትነካ ውላ ብታድር ግን 11.9 ወርዳ ተገኘች። በላይዋ የታተመውን ቢያነቡት ከተሠራች ስምንት ዓመት አልፏታል። አርጅታ ነው የሞተችው። አዲስ ገዝተን አስገባን፤ መኪናዋም በመጀመሪያው መጫን ተነሣች፤ ምልክቶቹም ሁሉ ጠፉ። የባለቤታችን ወርቅ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ።

በዚህ ብቻ አልተዉንም። ቴስተሩን በባትሪዋ አሉታዊ ጫፍና በገመዱ መካከል አግብተው፥ በሮቹ ሁሉ ተዘግተው ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ልጃችን ቁጥሩን እንዲያነብ አዘዙት። ተኝታ ሳለች እንኳ የአንድ አምፔር ሺኛ 30 እጅ ትወስዳለች፤ ለሰዓቷ፥ ለማንቂያ ደወሏና ቁልፉን ለሚጠብቀው ጆሮዋ ማለት ነው። ሽማግሌው «አባዛው» አሉት። ልጃችንም በወረቀት አሰላ፤ በቀን 0.72 አምፔር ሰዓት። ከነሐሴ 1 ቀን እስከ መስከረም 30፥ ጳጉሜንን ጨምሮ 65 ቀን ነው፤ 46.8 ይሆናል። የአዲሷ ባትሪ ሙሉ አቅም 45 ነው። እንግዲህ ማንም ሰው ሬዲዮ ሳይነካ አዲስ ባትሪ እንኳ በዚያ ክረምት ባዶ ትሆን ነበር፤ ያረጀችውማ ከወር ባልዘለለች። እኛም በሚስዮን ትምህርት ቤት ቮልትና አምፔርን ተምረን ነበር፤ ይህን ሒሳብ ለመሥራት የሚበቃ ዕውቀት አላነሰንም፤ ያነሰን መጠየቅ ነበር።

በዚያው ማታ ልጃችንን በእናታችን ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። አባት ልጁን ይቅር በለኝ ሲል በአገራችን ብዙ አልተለመደምና ቃሉ በጉሮሯችን ተሰንቅሮ ነበር። እርሱም መሬት መሬት እያየ ጥቂት ቆየና፥ ቴስተር ይገዛልኝ አለ። ገዛንለት። አንድ ደብተርም አወጣና፥ በእኛ መሥሪያ ቤት መዝገብ ልማድ ቁጥርና ቀን እየሰጠ ቅዳሜ ቅዳሜ መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያውን ገጽ ባዶ ትቶት አይተን ለምን እንደ ሆነ ብንጠይቀው፥ ለውሳኔው ነው አለን። እኛም ብዕር አንሥተን በገዛ እጃችን «ተከሳሹ በነፃ ተሰናብቷል» ብለን ጽፈን ፈረምንበት።

እንዲህ ያለ መኪና ላላቸው ሁሉ የልጃችንን አሠራር እንነግራለን። የሚለካው ጠዋት፥ መኪናዋ ሳትነሣ ነው። በር ሲከፈት ኮምፒዩተሮቹ ነቅተው ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታልና፥ ኮፈኑን ከከፈተ በኋላ በሩን ዘግቶ፥ ቁልፉንም በቤት አኑሮ ጥቂት ይጠብቃል። 12.6 እና ከዚያ በላይ ያለ እንደ ሆነ ደኅና ነው፤ 12.4 ሲሆን ትሞላ ይላል፤ 12.2 ሲሆን ግማሹ አልቋል፤ 12 ሲደርስ ሊያልቅ ተቃርቧል። እንዲህ ባዶ ሆና የሰነበተች ባትሪ ብትሞላም የቀድሞ አቅሟ አይመለስም። መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ የቆየች እንደ ሆነ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰዓት ያህል «ሬዲ» አብርቶ ያቆያታል፤ ዐሥር ደቂቃ አይበቃም። ቁልፉም ከመኪናዋ አጠገብ እንዳይሰቀል ሆነ፤ ቅርብ ሲሆን እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ያድራሉና።

ባትሪዋ የምትለወጥ ሲሆን በሰዎች መቀመጫ ክፍል ውስጥ ያለች ስለ ሆነች፥ ጋዟን በቱቦ ወደ ውጭ የምታስወጣ፥ ለዚሁ የተሠራችው ትሁን እንጂ ማናቸውም ባለ ውኃ ባትሪ አትግባ፤ ቱቦውም ተመልሶ መሰካቱ ይታይ። በሌላ መኪና ባትሪ ማስነሣት የግድ ሲሆን ቀዩና ጥቁሩ ገመድ ከቶ አይለዋወጥ፤ አንድ ጊዜ ቢሳሳቱ መለወጫው ይቃጠላል፤ ዋጋውም ከባትሪዋ ጋራ አይወዳደርም። ብርቱካን ቀለም ያላቸውን ወፋፍራም ገመዶች ደግሞ ልጅም ዐዋቂም አይንካቸው፤ እነዚያ የትልቁ ናቸው፤ ይገድላሉ።

ባለፈው 2017 ዓ.ም. ክረምት እንደገና ጎጃም ስንወርድ ልጃችንም አብሮን ነበር። ከመነሣታችን በፊት ባትሪዋን ለካ፤ 12.76። ከዚያ አሉታዊውን ገመድ ፈታ። የኋላው በር በኤሌክትሪክ የሚከፈት ስለ ሆነ፥ ገመዱ ተፈትቶ በሩ ቢዘጋ ባትሪዋ በተቆለፈ ቤት ውስጥ ትቀራለች፤ ስለዚህ በሩን ገርበብ አድርጎ በሲባጎ አሰረውና ሸራውን አለበሰ። መስከረም 30 ቀን ስንመለስ፥ እናታችን በደጃፍ ቆመው እያዩት፥ ጓዙ ሳይወርድ ሄዶ ለካ። 12.69 ብሎ ጻፈ።