የጠገራው ዓመት

ቡራዩ አንድ የድሮ ተማሪዬ ጠገራ ብር አሳየኝ። «ቲቸር፣ 1780 ይላል! 240 ዓመት አልፎታል ብሎ ነው የሸጠልኝ።» ደስታውን አይቼ ምን ልበለው?

ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 (በፈረንጅ) ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ቪየና፣ ኋላም ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ ሳይቀር ያንኑ ዓመት ሳይቀይሩ ሲቀርጹ ኖረዋል። የአምናውም 1780 ነው የሚለው። እርግጥ ብሩ እውነተኛ ብር ነው፣ 28 ግራም ገደማ፤ በሚዛን ቢሸጥለት ቅር ባላለኝ። ሻጩ አልዋሸም እኮ፣ የተጻፈውን ነው ያነበበለት። በጥንት ዋጋ ሸጦ ዝም አለ እንጂ።

ነገርኩት። ትንሽ ቆይቶ «እኔስ ስሸጠው ልናገር?» አለኝ።

«ተናገር» አልኩት።

እኔ ድሮ አንዱን ለፈረንጅ ዝም ብዬ መሸጤን ግን አልነገርኩትም። ይኸው እዚህ ያንብበው።