ጣዕምና ዋጋ

በአገራችን ስለ መጠጥ የሚጻፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ስካርን የሚነቅፍ ነው፤ ወይም የሠርግና የዓመት በዓል ጨዋታን የሚያስታውስ ነው። እኔ ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት ነገር ከሁለቱም ያነሰ ነው። ይኸውም በደሞዙ የሚተዳደር ሰው ከሥራ በኋላ ከወዳጆቹ ጋር አንድ ብርጭቆ ቢራ ሊጠጣ ቢወድ፣ ዋጋው ዝቅ ያለው ቢራ ጣዕሙም ዝቅ ያለ ይሆንበታልን? የሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ማግኘት ግን ከ10 ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል፤ በመጨረሻም ያገኘሁት ከቢራ ቤት ሳይሆን ከእናቴ ቤት ነው።

ቤታችን በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ በሚገኝ አንድ ጠባብ መንደር ውስጥ ነው። እናቴ ጠላ እየጠመቀች ትሸጣለች። በደጃፋችን በተተከለው እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ይታያል፤ ትርጓሜውን ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም። የሰፈሩ ሸማኔዎች መወርወሪያቸውን አስቀምጠው ሲነሡ፣ ግንበኞችና የቀን ሠራተኞችም ማታ ወደየቤታቸው ሲመለሱ፣ በመደቡ ላይ ተቀምጠው አንድ አንድ ጣሳ ይጠጣሉ። ለእኔና ለእኅቴ ደብተርና ጫማ የተገዛልን፣ እኔም 12ኛ ክፍልን የጨረስሁት፣ በዚያ ጣሳ በተለቀመ ገንዘብ ነው።

የጠላን ሥራ በልጅነቴ አይቼ ብቻ ሳይሆን ሠርቼም አውቀዋለሁ። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ በወይራ ጢስ ይታጠናል። የተወቀጠው ጌሾ በውኃ ተዘፍዝፎ ጥንስስ ይሆናል፤ ብቅሉ ይገባበታል፤ ከዚያም ከተቆላ ገብስ ዱቄት የተሠራው እንኩሮ ይጨመርና ድፍድፉ አፉ ተከድኖ ይቀመጣል። እናቴ በዚህ ሥራ ሦስት ሕግ ነበራት። ዕቃው ንጹሕ ይሁን፤ ጠላው ፀሐይ አይየው፤ ከደረሰም በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይጠጣ። «ጠላን የሚያበላሸው ጠማቂው ብቻ አይደለም፤ አስቀማጩም ነው» ትል ነበር። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ለእኔ ድካም እንጂ ዕውቀት ሆኖ አልታየኝም።

በ2005 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ሠራተኛነት ተቀጠርሁ። ጠዋት ጠዋት አዲሱን ሸሚዜን ከመልበሴ በፊት ጌሾ ጌሾ እንዳይል ደጋግሜ አሸትተው ነበር። ባልደረቦቼ ስለ ቤተ ሰቤ ሲጠይቁኝ «እናቴ የቤት እመቤት ናት» አልኋቸው። ነገሩ ፈጽሞ ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። ማታ ወደ ግሮሰሪ ጎራ ስንል ደግሞ ከመካከላችን አንዱ «ድራፍት የተማሪ መጠጥ ነው» የሚል ሰው ስለ ነበረ፣ እኔም እንደ እርሱ በጠርሙስ ማዘዝ ጀመርሁ። ቢራውን የምመርጠው በምላሴ ሳይሆን፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ምን ይለኛል በሚል ሐሳብ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. አንድ ወር የመዝገብ ሠራተኛነቴ አስገድዶኝ ወጪዬን በደብተር ያዝሁ። በወሩ መጨረሻ ስደምረው 41 ጠርሙስ ሆነ፤ ገንዘቡም የደሞዜን ሲሶ ያህል ነበር። በዚያው ወር እናቴ ለእኅቴ የደንብ ልብስ መግዣ ብትጠይቀኝ የለኝም ብያት ነበር። እርሷም ለሚቀጥለው ጥንስስ ልትገዛው ካሰበችው ገብስ ቀንሳ ልብሱን ገዛችላት። አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። ስለ ቢራ ዋጋ የምር ማሰብ የጀመርሁት ከዚያ ወር ወዲህ ነው።

ቢራ ለአገራችን የትናንት እንግዳ አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ሜታ አቦ በሰበታ በ1950ዎቹ፣ ሐረር በ1970ዎቹ፣ በደሌ በ1980ዎቹ፣ ዳሽንም በጎንደር በ1992 ዓ.ም. ተከተሉት። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሐበሻ ከደብረ ብርሃን፣ ራያ ከማይጨው ወደ ገበያው ገቡ፤ በዚያው ሰሞን ገደማ ዋልያም በአዲስ አበባ ዳርቻ በቂሊንጦ ከተሠራው ታላቅ ፋብሪካ ይወጣ ጀመር። አንዱ ስሙን ከቅዱስ፣ አንዱ ከተራራ፣ አንዱ ከከተማ፣ አንዱ ከዱር እንስሳ ወሰደ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የቢራን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴ ነው። ሰውም በየስሙ ተከፋፍሎ፣ ለሚወደው ቢራ እንደ እግር ኳስ ቡድኑ ይከራከርለት ነበር።

ነገር ግን በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ብንመረምር፣ ሁሉም ቢራ ውኃ፣ የገብስ ብቅል፣ እርሾና ሆፕ የሚባለው መራራ አበባ ነው። ጌሾ ለጠላ የሚሰጠውን ምሬት፣ ሆፕ ለቢራ ይሰጠዋል። በአገራችን በብዛት የሚጠጡት ቢራዎች ላገር ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ማለትም በቀዝቃዛ ቦታ በዝግታ የሚብላሉ፣ ቀለማቸው ነጣ ያለ ወርቅማ፣ የአልኮል መጠናቸውም በመቶ 5 ገደማ የሆነ ነው። ልዩነት የላቸውም አልልም፤ አንዱ መረር፣ ሌላው ጣፈጥ ይላል። ዳሩ ግን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ድራፍቱም ቢሆን ሌላ ዘር አይደለም። በጠርሙስ ፈንታ በበርሜል ተሞልቶ ስለሚመጣ፣ የጠርሙሱ፣ የቆርኪውና የወረቀቱ ወጪ አይታሰብበትም። ስለዚህ በጠርሙስና በድራፍት መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት የምንከፍለው ለመጠጡ ሳይሆን ለልብሱ ነው ማለት ይቻላል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከለከለ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አዲሱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወጣ፤ የቢራ ዋጋም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየናረ ሄደ። ማስታወቂያው ዝም ሲል፣ ኪስም ሲሳሳ፣ ምላስ ብቻውን ይፈርዳል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። የባልደረቦቼ ክርክር ግን አልበረደም።

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ማግስት አራት ባልደረቦቼን ወደ ቤቴ ጠራኋቸው። ይህን ያህል ዘመን በየቤታቸው እየበላሁ የራሴን ደጅ አለማሳየቴ ነውር ሆኖብኝ ነበር። በዚያን ዕለት ጠዋት ወደ ደጅ ስወጣ ጣሳው ከእንጨቱ ጫፍ ላይ የለም። እናቴ አውርዳው፣ ከመደቡ ሥር ተደፍቶ አገኘሁት። ለእኔ ክብር ብላ እንዳደረገችው ገባኝ። መልሼ መስቀል ሲገባኝ እንዳላየ ሆኜ አለፍሁ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያሳፍረኛል።

እንግዶቹ ዶሮውን ከበሉ በኋላ የተለመደውን ክርክር አነሡ። አንዱ ጊዮርጊስ፣ አንዱ ሐረር፣ አንዱ ዳሽን፣ ድራፍት የማይነኩት የክፍል ኃላፊያችን ደግሞ ሐበሻ ይላሉ። እኔም ይህን አስቀድሜ ስለማውቅ አራቱንም ዓይነት ከሰፈራችን ሱቅ ገዝቼ፣ ለራሴም ከግሮሰሪ አንድ ጆግ ድራፍት አስቀድቼ ነበር። «እስቲ ሳታዩ ቅመሱና የየራሳችሁን ለዩ» አልኋቸው። እናቴ ከመጋረጃው በስተ ጀርባ ሆና በተራ እየቀዳች ትሰጠኛለች፤ እኔ አቀርባለሁ፤ እነርሱም አምስቱን መጠጥ እየቀመሱ ግምታቸውን እንደ ተማሪ በወረቀት ይጽፋሉ።

ወረቀቱ ሲሰበሰብ ከአራቱ ሰዎች የራሱን ቢራ የለየ አንድ ብቻ ነበር። እርሱም አጋጣሚ እንዳይባል እንደ ገና ቢቀዳለት ሳተው። የክፍል ኃላፊያችን ግን ከአራተኛው መጠጥ አጠገብ «የእኔ ቢራ ይህ ነው፤ ጥርጥር የለውም» ብለው ጽፈው ነበር። አራተኛው በጆግ የመጣው ድራፍት ነበር። ሳቁ እስከ ጎረቤት ተሰማ፤ እርሳቸውም አብረው ሳቁ።

ሳቁ ጋብ ሲል እናቴ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ «ሦስተኛዋን ግን አትጠጧት ልጆቼ፤ ፀሐይ መትቷታል» አለች። እውነትም ሁሉም በሦስተኛው መጠጥ ላይ ፊታቸውን አጨፍግገው ነበር። እኔም ያን ጠርሙስ ያነሣሁት በሱቁ በራፍ ላይ ፀሐይ ላይ ከዋለ ሣጥን መሆኑ ትዝ አለኝ። የማንኛው ፋብሪካ እንደ ነበረ መናገር አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የአስቀማጩ እንጂ የጠማቂው አልነበረምና።

«እማማ፣ እርስዎ ቢራ ይጠጣሉ እንዴ?» አሉ የክፍል ኃላፊያችን ተገርመው።

«ኧረ አልጠጣም ልጄ። አሸተትኋት እንጂ። እኔ ጠላ ሻጭ ነኝ፤ ይህም ቤት የቆመው በእርሱ ነው» አለች።

ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ። «የቤት እመቤት» ስላት የኖርሁትን ሁሉም የሚያስታውሱ መሰለኝ። የክፍል ኃላፊያችን ወደ እኔ አዩ፤ ከዚያም ወደ እርሷ ዞረው «ታዲያ ካለዎት ከጠላው ያቅምሱና» አሉ። እናቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው ዓይን ዓይኔን አየችኝ። በሕይወቴ ከተቀጣሁት ቅጣት ሁሉ ያች አስተያየት ትበልጣለች። ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ማሰሮውን ራሴ አውጥቼ ለእንግዶቼ ቀዳሁላቸው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ቢራ ስገዛ የምከተለው የእናቴን ሦስት ሕግ ነው። የመጀመሪያው የዕቃ ንጽሕና ነው። ድራፍት ርካሽና መልካም የሚሆነው የመቅጃው ቧንቧ ዘወትር ሲታጠብ፣ ብርጭቆውም ከቅባትና ከሳሙና የጠራ ሲሆን ነው፤ ቧንቧው ከቆሸሸ መጠጡ ይኮመጥጣል፤ ብርጭቆው ቅባት ከነካው አረፋው ወዲያው ይጠፋል። ሁለተኛው ጥላ ነው። የፀሐይ ብርሃን ከሆፑ የሚገኘውን ምሬት ለውጦ መጥፎ ሽታ ያመጣበታል። ቡናማ ጠርሙስ ብርሃኑን ቢቀንስም ሙቀቱን አይከለክልም። ስለዚህ በሱቅ በራፍ ከተደረደረው ይልቅ ከውስጥ ከጥላው የተቀመጠውን እጠይቃለሁ። ሦስተኛው ትኩስነት ነው። ላገር ቢራ እንደ ወይን ጠጅ በመቆየት አይሻሻልም። በጠርሙሱ ላይ የታተመውን ቀን አያለሁ፤ ድራፍትም ስፈልግ ብዙ ሰው የሚገባበትን፣ በርሜሉ ቶሎ ቶሎ የሚለወጥበትን ቤት እመርጣለሁ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ብጨምር፣ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ቢራ ምላስን ስለሚያደነዝዝ መልካሙም መጥፎውም አንድ ይመስላል። ሊያውቀው የሚፈልግ ሰው ትንሽ ለቀቅ ሲል ይቅመሰው።

እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ፣ ዋጋው ዝቅ ያለው ቢራ ጣዕሙ ዝቅ አይልም። እኔም አሁን በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ ማታ፣ ከሁለት ብርጭቆ ድራፍት አላልፍም። በደብተሬ ላይ የተረፈውን ገንዘብ ከወሩ መጨረሻ በፊት ለይቼ አስቀምጣለሁ፤ ገብስ የሚገዛውም በእርሱ ነው።

በዚያ በፋሲካ ማግስት እንግዶቼን ሸኝቼ ስመለስ፣ ጣሳውን ከመደቡ ሥር አነሣሁና በእንጨቱ ጫፍ ላይ ሰቀልሁት። እናቴ ከውስጥ አይታኝ ብቅ አለች። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ «አውርደው እንጂ ልጄ፤ እንግዶችህ ጨረሱት እኮ። ጣሳው ካለ ጠላ አለ ማለት ነው፤ ሰው አናታልል» አለችኝ። አወረድሁት። ቀጣዩ ድፍድፍ ሲደርስ ሰኞ ጠዋት ነበር፤ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ጣሳውን መልሼ የሰቀልሁት እኔ ነኝ።