አሰብ የሄዱ ልጆች

የልጅ ልጆቼ የአሰብን ስም የሚያውቁት ከቴሌቪዥን ክርክር ነው። «አያቴ፣ አሰብ የማን ነው?» ይሉኛል። ለእሱ ተከራካሪ ሞልቷል። እኔ የምነግራቸው ለኩታበር ሰው ምን እንደነበረ ነው።

በልጅነታችን አሰብ የሥራ አገር ነበር። መሬት ያነሰው ጎበዝ ደሴ ይወርዳል፤ ከዚያ ኮምቦልቻ። በኤንትሬ ጭነት ላይ ተሳፍሮ ባቲን፣ ሚሌን፣ ማንዳንና ቡሬን አልፎ ባሕሩ ዳር ይደርሳል። ከኮምቦልቻ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው። ወደቡ ላይ ጆንያ ይሸከማል፣ ወይም ጨው ማምረቻ የቀን ሠራተኛ ይሆናል። ዕድል የቀናው ሶቪየቶች ባሠሩት፣ በ1959 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የነዳጅ ማጣሪያ ይቀጠራል። ለዓመት በዓል ሲመጣ ሽርጥ አገልድሞ፣ ተምርና ሳሙና ይዞ ነው። ደጋ ያደገ ሰው ያንን ሙቀት እንዴት እንደቻለው እሱ ይወቀው፤ ደጅ አልጋ ዘርግተን እናድራለን ይሉን ነበር።

ከተማዋ ብዙ እጅ አይታለች። ሩባቲኖ የተባለ የጣልያን የመርከብ ኩባንያ በ1862 ዓ.ም. ቦታውን ከአካባቢው ሱልጣኖች ገዛ፤ በ1874 ዓ.ም. ለጣልያን መንግሥት አስተላለፈው። ጣልያን በቀይ ባሕር ዳር እግሩን የተከለው በዚያች ቁራጭ መሬት ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ እዚሁ ጎረቤታችን አምባሰል የውጫሌ ውል ተፈረመ። የደሴ አሰብን መንገድም የሠሩት እነሱው ናቸው፣ በወረራው ዘመን።

በ1977ቱ ድርቅ ገና ዲፕሎማዬን የያዝኩ ነርስ ሆኜ መጠለያ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስንዴው፣ የዱቄት ወተቱ፣ ዘይቱ በመርከብ አሰብ ይራገፍና በዚያው መንገድ ሽቅብ ይመጣል። መኪና የዘገየ እንደሆነ የሕፃናቱን ክንድ ስንለካ እናውቀዋለን፤ በሦስት ቀን ይከሳል። ሌሊት የተሳቢ ድምፅ ስንሰማ ከእንቅልፋችን እንነሳ ነበር። ስለዚያ ዘመን ብዙ ተጽፏል፤ የእነዚያን ሾፌሮች ውለታ ያነሳ ግን አልገጠመኝም።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀች በኋላም ወደቡ ለእኛ መሥራቱን ቀጥሎ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ተዘጋ። ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከልጆቻችን ብዙዎቹ አንድ ፍራሽ ተሸክመው ተመለሱ፤ እዚያ የወለዱት ቀሩ።

የጎረቤቴ ልጅ ከቀሩት ነው። እናቱ ሃያ ዓመት ድምፁን አልሰማችም። መኖሩንም በሰው በሰው ነበር የምትሰማው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ስልክ ሲከፈት እኔም ቡና ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ የጠየቀችው «ምሳ በላህ?» ብላ ነው። ከዚያ የልጅ ልጇን አቀረበላት። ልጅቷ አማርኛ አትችልም። አያትየዋ «አብሽሪ የኔ እናት፣ አብሽሪ» እያለች ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ቆየች፤ ወዲያ ማዶ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። አቦሉ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የቡሬ መንገድ ተከፈተ ሲባል ለልጅቷ ትንሽ ጋቢ አሠራች። «የቆላ ልጅ የኩታበርን ብርድ አትችለውም» ብላ። መኪናው ግን እንደ ድሮው አልተመላለሰም። ጋቢው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ክረምት ሲወጣ አውጥታ ፀሐይ ታስመታዋለች። ልጅቷ አሁን አድጋለች፣ አይበቃትም አልኳት። «ለልጇ ይሆናል» አለችኝ።