ስንት ነው?

ዛሬ አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ የልጅ ጫማ አየሁ። ቁጥሩ ተጽፏል፣ ቀለሙ ተዘርዝሯል፣ ዋጋው ግን የለም። «ስንት ነው?» ስል «ኢንቦክስ» ተባልኩ። ኢንቦክስ ስገባ ደግሞ «ሰፈር የት ነው? ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» ኧረ ጫማ ነው የጠየቅሁት፣ ሽማግሌ አልላክሁም!

ደጀን ከተማ፣ ባለሱቅ ቤት ላደገ ሰው ይሄ ነገር በጣም ይከብዳል። እማዬ ሱቅ ውስጥ ዋጋ ካርቶን ላይ ተጽፎ ይሰቀላል፤ ማንበብ ለማይችለው ጮክ ብላ ትነግረዋለች። ለገበሬውም፣ ለመምህሩም፣ ብር ጨብጦ ለተላከ ሕፃንም ያው ነው። ሕፃኑ እንዲያውም ከረሜላ ይመረቅለታል። እናቶች ልጃቸውን ያለ ሐሳብ የሚልኩበት ሱቅ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

ደግሞ በር ላይ የውሃ በርሜል ነበረች። አባይ በረሃን እያቃሰተ የወጣ ከባድ መኪና እፎይ የሚለው ደጀን ሲደርስ ነው። ውሃው ለራዲያተር ነው፣ በነጻ። አባዬ «ለውሃ ቀጂ የምንከፍለው እኛ!» ይል ነበር። ሹፌሩ ግን ሞተሩ እስኪበርድ ብስኩት ይገዛል፣ ለረዳቱ ለስላሳ ያዛል፣ ሲመለስም እኛን አልፎ አይሄድም። ገበያ ማፈላለግ ማለት ይሄ ነው ባይ ነኝ፤ መጀመሪያ የሰውየውን ችግር ማየት።

የዱቤው ነገር ደግሞ አለ። ግድግዳው ላይ «ዛሬ በእጅ፣ ነገ በዱቤ» የሚል ተለጥፏል፣ ከሥሩ ግን እማዬ ዱቤ ትጽፋለች። መስከረም ላይ ጤፉ ገና ማሳ ላይ ነው፣ የገበሬው እጅ ባዶ ነው፤ ልጁ ግን ደብተርና እስክሪብቶ ይፈልጋል። ጥር ላይ ጤፉ ተወቅቶ ሲሸጥ ይከፈላል። የዘገየባትን ሰው መንገድ ላይ ስታገኝ የልጆቹን ጤና እንጂ ብሩን ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ዓመት አንዱ ደንበኛዋ ሳይከፍል ሞተ። ለቅሶ ደረሰች፣ ስለ ዱቤው ትንፍሽ አላለችም። ከአርባው በኋላ ሚስቱ ራሷ መጣች። ስንት እንደሆነ አታውቅም፤ «አንቺ ያልሽውን» አለችና እማዬ ከዱቤ ደብተሩ ያነበበችላትን ቆጥራ ሰጠች። ደብተሩን ልይ እንኳ አላለችም። ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል። እንዲህ ያለ እምነት በየትኛው ማስታወቂያ ይገዛል?

ዋጋ በግልጽ መለጠፍ ደግሞ የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲያሳይ አዟል። እማዬ አዋጁን አላነበበችም፤ ገዢን ማስለመን ነውር መሆኑን ግን ታውቅ ነበር።

በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ሱቅ ካለ እባካችሁ ከሱፐርማርኬቱ በፊት እዚያ ግዙ። የቆየ ዱቤ ያለባችሁም ሂዱና ክፈሉ።