ዝም የሚል ሣጥን ፍለጋ

እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር ልንጽፍ መነሣታችንን ሲያዩ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን እንደሚሥቁብን እናውቃለን። ይሣቁ። ነገሩ ወደ እኛ የመጣው በቅኔ በኩል ነው።

እኛ ማለት ኹለት ነን፤ አንዳችን የቢቸና፣ አንዳችን የሞጣ ልጅ። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት አገራችን ስንገባ አንድ ሐሳብ ይዘን ነበር። ይኸውም ከሞጣ ጥቂት ራቅ ብሎ ጉባኤ ዘርግተው የሚያስተምሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አንድ የቅኔ መምህር ምሽት ምሽት የሚዘርፉትን በድምፅ ለመቅዳት ነው። (ቢቸናዊው «ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩበት ዲማ ጊዮርጊስ በደጃችን ሳለ ስለ ምን ሞጣ እንሄዳለን?» ብሎ አንድ ቀን ሙሉ ተሟግቷል።) ቅኔ እንደ ዘፈን አይደገምም። ዛሬ የተዘረፈው ጉባኤ ቃና ነገ አይመለስም፤ ተማሪው በቃሉ ካልያዘው ወይም ሰው ካልጻፈው ከምድጃው ጢስ ጋር በጣራው ይወጣል።

መጀመሪያ የወሰድነው ከአንድ ዘመዳችን የተዋስነውን አሮጌ ዴስክቶፕ ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ባለ 65 ዋት ነው። የየኔታ ቤት የሣር ክዳን ስለሆነ የክረምቱ ዝናብ እንደ ቆርቆሮ አይንጫጫም፤ ከዚህ የተነሣ የፋኑ ድምፅ ብቻውን ነገሠ። የኔታ በመካከል ቆም አሉና «ይህ ደግሞ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው? አዲስ ተማሪ ነው?» ቢሉ ጉባኤው በሣቅ ፈረሰ። በማግሥቱ ቅጂውን ስንሰማው ፋኑ ከመምህሩ ይልቅ ጎልቶ ተገኘ። በሦስተኛው ምሽት መወድስ እየዘረፉ ሳለ፣ ከስምንቱ ቤት ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ፣ መብራት ጠፋ። ያልተቀመጠው ፋይል አብሮ ጠፋ። «የኔታ፣ እባክዎ ይድገሙልን» ብለን ብንለምን፣ «አለፈ» ብለው ዝም አሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ፕሮሰሰር መምረጥ የጀመርነው። ምክር የጠየቅነው ሰው ኹሉ «ኃይለኛውን ግዙ» ይለን ነበር። እኛም ስለ ጊጋኸርዝ ብቻ ስናወራ ሰንብተን በመጨረሻ አንድ ቀላል ስሌት ሠራን። የሰው ድምፅ በሴኮንድ 48,000 ጊዜ እየተለካ፣ እያንዳንዱ ልክ ኹለት ባይት እየያዘ ቢቀዳ፣ በሴኮንድ 96,000፣ በሰዓት ወደ 346 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። ይህ ለዛሬ ፕሮሰሰር ሥራ ተብሎ የሚቆጠር አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለአንዳንድ የአገራችን ተማሪዎች የታደለው ነጭና አረንጓዴው ኤክስኦ ላፕቶፕ እንኳ 433 ሜጋኸርዝ የሆነ ጂኦድ ፕሮሰሰር ይዞ ያለ ፋን ይሠራ ነበር።

ዕጩዎቹ ሦስት ነበሩ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮር አይ5-6500ቲ ባለ 35 ዋት ሲሆን፣ ከቢሮ የሚወጡ ያገለገሉ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ውስጥ በርካሽ ይገኛል፤ ግን ፋን አለው። ራስፕቤሪ ፓይ 5 መዳፍ ታክላለች፤ ነገር ግን ሥራ ሲበዛባት ትሞቃለች፣ ብዙ ጊዜም የምትጽፈው በስልክ ሚሞሪ ካርድ ላይ ስለሆነ መብራት በድንገት ሲጠፋ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ሦስተኛው በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢንቴል ኤን100 ነው፤ አራት ኮር አለው፣ በ6 ዋት ተመድቧል። ይህ ፕሮሰሰር ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ አንዱን መምረጥ ሌላውን መምረጥ ነው። እኛም ባለ 17 በ17 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በፋን ፈንታ አሉሚኒየም ብቻ የተጫነበት አገኘን።

እዚህ ላይ የቅኔ ትምህርታችን ጠቀመን። «6 ዋት» የሚለው ጽሑፍ ሰሙ ነው። ቁጥሩ ፕሮሰሰሩ በረጋ ፍጥነት ሲሠራ ለሚያወጣው ሙቀት የተመደበ እንጂ ከግድግዳው የሚስበው ልክ አይደለም፤ ሲጣደፍ ከዚያ ያልፋል፣ ሚሞሪውም ኤስኤስዲውም ፓወር ሰፕላዩም የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። ስለዚህ ወርቁን 15 ዋት ብለን ገመትን። የትንሽ ዩፒኤስ ባትሪ 12 ቮልት በ7 አምፔር ሰዓት፣ ማለት 84 ዋት ሰዓት ነው። 70 ዋት ለሚስብ ዴስክቶፕ በወረቀት ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ቢሆን፣ ለኛ ግን ከአምስት ሰዓት ይበልጣል። ዩፒኤሱ ራሱ ስለሚበላና ባትሪ ተሟጦ ማለቅ ስለሌለበት ግማሹን ብንቀንስ እንኳ አንድ ጉባኤ ያደርሳል። ደግሞም ፍጥነት ሲጨምር ቮልቱ አብሮ ይጨምራል፣ የሚበላው ኃይልም በቮልቱ ካሬ ልክ ያድጋል። ስለዚህ ከማዘርቦርዱ ቅንብር ገብተን የጥድፊያውን ጣሪያ ዝቅ አደረግነው። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ ትተን ኤስኤስዲ አስገባን፤ ዋጋው ግን ጫማ ሊገዛ የነበረውን አንዳችንን በአሮጌው ጫማ አስቀርቶታል።

ዕቃውን አንድ ዘመድ ከአዲስ አበባ አመጣልን። ሣጥኑን የኔታ አጠገብ ስናስቀምጥ ዘወር ብለውም አላዩትም። መብራት ኹለት ጊዜ ጠፋ፤ ቅጂው ቀጠለ። በማግሥቱ ጠዋት ስናዳምጠው ቀድሞ ያልሰማነው ነገር ተሰማ፤ በየቤቱ መካከል ሳላቸውን ሲውጡት።

ትምህርት ሲከፈት ሣጥኑን ለአንድ ደቀ መዝሙር ትተን መጣን፤ ማብራቱን፣ ማጥፋቱንና ፋይል ማስቀመጡን አስተምረነዋል። ከዚያ ከጠፋው መወድስ ተማሪዎቹ በቃላቸው የያዙትን አምስት ቤት ጽፈናል። ሦስቱ ቤት ጎድሏል።